በርሊን፦ በር የሌለው ባቡር ጣቢያ

እህቴ፣ «ከ8 ዓመት ልጄ ጋር ለ4 ቀን በርሊን ልሄድ ነው፤ ባቡሩ ግራ ያጋባል ሲሉ ሰማሁ፤ ታክሲ ይሻለኛል?» ብለሽ ጠይቀሻል። ታክሲውን ተዪው። 3 ዓመት ኖሬበታለሁ፣ አንድም ቀን መኪና ባለኝ ብዬ አላውቅም።

መጀመሪያ ግን የደረሰብኝን ልንገርሽ። በገባሁ በ2ኛው ሳምንት ከማሽን ትኬት ቆረጥኩና ኪሴ ከትቼ ተሳፈርኩ። በርሊን ጣቢያ ላይ የሚከፈትና የሚዘጋ በር የለም፤ ቀጥ ብለሽ ገብተሽ ትሳፈሪያለሽ። ሁለት ፌርማታ እንደሄድን ጂንስ ለብሶ አጠገቤ የቆመ ሰውዬ መታወቂያ አወጣና ትኬት ጠየቀ። እኔም ኮራ ብዬ ሰጠሁት። ገልበጥ አድርጎ አየውና ራሱን ነቀነቀ። ለካ ትኬቱ ማህተም መመታት ነበረበት! 60 ዩሮ ተቀጣሁ። አላወቅኩም ብል ማን ሊሰማኝ። ጥፋቱም የራሴ ነው፤ ትኬቱ ላይ ተጽፏል፣ በጀርመንኛ።

ስለዚህ የወረቀት ትኬት ከገዛሽ፣ ባቡሩ የሚቆምበት ቦታ ላይ ቀይ ወይም ቢጫ ትንሽ ሳጥን ታያለሽ። እዚያ ውስጥ አስገቢው፣ ቀጭ ይላል፣ አለቀ። በስልክ የምትገዢው ግን ማህተም አይፈልግም፤ ከመሳፈርሽ በፊት ግዢው እንጂ።

የትኛውን ትኬት? የአንድ ጉዞው ለ2 ሰዓት ያገለግላል፣ መቀያየርም ትችያለሽ፤ ግን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው፣ መመለሻ አይሆንም። በቀን 3 ጊዜ የምትሳፈሪ ከሆነ የ24 ሰዓቱ ያዋጣሻል። ልጅሽ የቅናሽ ትኬት ያስፈልጋታል፤ ነጻው ከ6 ዓመት በታች ላሉት ነው። ከተማው ኤ፣ ቢ እና ሲ ተብሎ በሦስት ቀጠና ተከፍሏል። ለከተማው ኤቢ ይበቃል። አውሮፕላን ማረፊያው ግን ሲ ውስጥ ነው፣ ጎረቤት ከተማዋ ፖትስዳምም እንደዚያው። ብዙ እንግዳ የሚያዘው እዚህ ላይ ነው፤ ኤቢ ይዞ ከአውሮፕላን ማረፊያ ይሳፈራል። ያው ኤቢሲ ትኬት በፈጣኑ የክልል ባቡርም ይሠራል፤ ወደ ዋናው ባቡር ጣቢያ የምትሄጂ ከሆነ እሱን ያዢ። ኤስ9 የሚባለው ባቡር ዘገምተኛ ነው፣ ግን መሀል ከተማ እስካለው አደባባይ፣ አሌክሳንደርፕላትስ ድረስ ሳትቀይሪ ያደርስሻል።

ሰማያዊው ዩ ምልክት ኡባን ነው፣ የከርሰ ምድሩ። አረንጓዴው ኤስ ደግሞ ኤስባን፣ በብዛት ከመሬት በላይ የሚሄደው። የአቅጣጫ ምልክቱ ላይ የሚጻፈው የመጨረሻው ጣቢያ ስም ስለሆነ ከመሳፈርሽ በፊት እሱን አረጋግጪ። መሀል ከተማውን እንደ ቀለበት የሚዞሩት ሁለቱ የኤስባን መስመሮች ግን መጨረሻ የላቸውም፦ ኤስ41 እንደ ሰዓት ቆጣሪ ይዞራል፣ ኤስ42 በተቃራኒው። ብትሳሳቺም አትደንግጪ፤ ዙሩ 1 ሰዓት ነው፣ መልሶ ያመጣሻል። እኔ አንድ ቀን እንቅልፍ ወስዶኝ ሙሉውን ዞሬያለሁ።

ለልጅሽ ደግሞ 100 ቁጥር አውቶቡስ፣ ፎቁ ላይ፣ ከፊት። ከዙ ጣቢያ ተነስቶ ፓርላማውን እያሳየ ወደ አሌክሳንደርፕላትስ ይሄዳል፤ የበርሊን ግንብ ከወደቀ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1990 የተጀመረ መስመር ነው። የአስጎብኚ አውቶቡስ ብር ከምትከፍዪ ይሄ ይሻላል። ትራም፣ ማለትም መንገድ ላይ የሚሄደውን የኤሌክትሪክ ባቡር፣ ያየሽበት ሰፈር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የቀድሞው ምሥራቅ በርሊን ነው፤ ምዕራቡ እ.ኤ.አ. በ1967 ትራሙን ጨርሶ አንስቶት ነበር።

ቅዳሜና እሁድ የሐዲድ ጥገና ስለሚበዛ ከመውጣትሽ በፊት ስልክሽ ላይ እዪ። ባቡር ከተቋረጠ ምትክ አውቶቡስ አለ፣ በያዝሽው ትኬት ነው።

ሌላው፣ የባቡሩ በር ሁልጊዜ በራሱ አይከፈትም፤ ቁልፉን ተጫኚ። «ወራጅ አለ» የሚልልሽ ረዳት የለም። ሆቴልሽ የት ሰፈር እንደሆነ ከጻፍሽ መስመሩን እነግርሻለሁ።