አዲሱ ሰርቨር መጥቷል፣ አሮጌውን ምን ላርገው?

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ እኔ ጅማ ውስጥ ቡና ገዝቶ አዘጋጅቶ የሚልክ ድርጅት ውስጥ የአይቲ ሰራተኛ ነኝ፣ ክፍሉ ውስጥ ከኔ ሌላ ሰው የለም። ያለን ሰርቨር አንድ ነው፣ ከተገዛ ቆይቷል፣ ላዩ ላይ ኢኤስኤክስአይ 6.7 (አንዱን ሰርቨር ከፋፍሎ እንደ ብዙ ኮምፒውተር የሚያሰራው ሶፍትዌር) ተጭኖ 5 ቨርቹዋል ማሽን ይሰራል፦ ዶሜን ኮንትሮለሩ (የሰራተኛውን ሎጊን የሚያረጋግጠው)፣ የሂሳቡ፣ ፋይል ሰርቨሩ፣ የመጋዘን መመዝገቢያውና የሰራተኛ አሻራ መቆጣጠሪያው። ሲደመር 1.8 ቴራባይት ገደማ ነው። አሁን አዲስ ሰርቨር ተገዝቶ መጣ፣ የአሮጌው ፕሮሰሰር ኢንቴል ነው የአዲሱ ደግሞ ኤኤምዲ። ስራ አስኪያጃችን «ቅዳሜ ማታ ጀምረሽ ሰኞ ጠዋት ሰው ስራ ይግባ» ብለውኛል። ይቻላል? ከየት ልጀምር ይመክሩኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ ብቻሽን መሆንሽ ነው ያሳሰበኝ፣ ስለዚህ ረዘም አርጌ ልመልስልሽ። ኮፒውን ካልሽ ጊዜው ይበቃሻል። በ1 ጊጋቢት ኬብል በሰከንድ ቢበዛ 110 ሜጋባይት አካባቢ ነው የሚያልፈው፣ 1.8 ቴራባይት ስታሰይው 4 ሰዓት ተኩል ይመጣል፣ ያረጀ ዲስክ ግን እንደዛ አይሮጥልሽምና እጥፉን ያዢ። ሁለቱን ሰርቨር በቢሮው ስዊች አታሳልፊያቸው፣ በአንድ ኬብል በቀጥታ አገናኚያቸው። ማሽኑ እየሰራ ከኢንቴል ወደ ኤኤምዲ ማሻገር የሚባለውን እርሺው፣ አይሆንም፣ ማጥፋት፣ ኮፒ ማረግ፣ እዛ ማስነሳት ነው፣ ላንቺ ደግሞ ይሄ ይሻልሻል።

አዲሱ ላይ 6.7ን መልሰሽ እንዳትጭኚ። ድጋፉ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2022 ላይ አብቅቷል፣ የአዲሱን ሰርቨር ኔትወርክ ካርድም ሬይድ ካርድም (ዲስኮቹን የሚያስተዳድረውን) ላያውቀው ይችላል። ብሮድኮም የኢኤስኤክስአይን ሰሪ ቪኤምዌርን እ.ኤ.አ. በ2023 ከገዛ ወዲህ አንዴ ተገዝቶ የሚቀረው ላይሰንስ ቀርቶ በየጊዜው የሚከፈልበት ሆኗል፣ እኔ ባንቺ ቦታ ብሆን የኢኤስኤክስአይን ስራ የሚሰራውን ፕሮክስሞክስ ነው የምጭነው፣ ከ8.2 ጀምሮ ከኢኤስኤክስአይ ላይ ማሽኑን በቀጥታ የሚያስገባበት መንገድ አለው። ዊንዶውሶቹ ላይ ግን የቨርትአይኦ ድራይቨር (ፕሮክስሞክስ የሚሰጣቸውን ዲስክና ኔትወርክ ካርድ የሚያስተዋውቃቸውን) አሮጌው ላይ እያሉ ጫኚባቸው፣ እዛ ሲደርሱ መጀመሪያ ዲስኩን በሳታ (በተለመደው የዲስክ አይነት) አስነሻቸው፣ አለበለዚያ ሰማያዊ ስክሪን ይጠብቅሻል። ኔትወርክ ካርዱም አዲስ ሆኖ ስለሚታያቸው የሰጠሻቸው አይፒ (የኔትወርክ አድራሻቸው) ይጠፋል፣ አይፒውን፣ ጌትዌዩን፣ ዲኤንኤሱን፣ ማክ አድሬሱን ጭምር ደብተር ላይ ጻፊው፣ አዎ ደብተር ላይ፣ ኮምፒውተሩ ላይ የጻፍሽውን ፋይል የምትፈልጊው ፋይል ሰርቨሩ በጠፋ ሰዓት ነው። የአሻራ ማሽኖቹ አንድ አይፒ እያዩ ነው የሚልኩት፣ ያ ከተቀየረ የወሩ ደሞዝ ላይ ነው የሚታወቅሽ።

ስናፕሾት (ማሽኑ አንድ ሰዓት ላይ የነበረበት ሁኔታ ተይዞ የቀረበት) ካለ አሁኑኑ ከኢኤስኤክስአዩ ስናፕሾት ሜኑ አጥፊ፣ ፋይሉን በእጅሽ እንዳትሰርዢ። የዲስክ ፋይሎቹን ገብተሽ እይ፣ ስማቸው ጫፍ ላይ 000001 የሚል ቁጥር ያለው ካለ የሆነ ሰው «ለጊዜው» ብሎ ወስዶ የረሳው ስናፕሾት ነው፣ አመት የቆየ ከሆነ ተመልሶ እስኪዋሃድ ሰዓታት ሊፈጅ ይችላል፣ ባዶ ቦታም ይፈልጋል፣ ቅዳሜ ማታ ላይ ይሄን ብታገኚው ያልቅልሻል።

አሁን ወደሚያስፈራኝ ነገር ልምጣ። ከአመታት በፊት አንድ መስሪያ ቤት እንደዚሁ አዛውሬ ነበር፣ ሁሉም ሰላም ሆነ፣ ሰኞም ማክሰኞም ተሰራ። አሮጌውን አጥፍቼዋለሁ ግን ኬብሉን አልነቀልኩም ነበር። ማክሰኞ ሌሊት መብራት ጠፋ፣ ዩፒኤሱ ተሟጠጠ፣ ንጋት ላይ መብራቱ ሲመለስ ያጠፋሁት አሮጌ ሰርቨር በራሱ ተነሳ፣ ባዮሱ (የሰርቨሩ የራሱ መነሻ ሴቲንግ) ላይ መብራት ሲመጣ ተነስ ተብሎ ነበርና፣ ላዩ ላይ ያሉት ማሽኖችም አውቶስታርት ስለሆኑ አብረው ተነሱ። አንድ ስም፣ አንድ አይፒ፣ ሁለት ሰርቨር። ጠዋት ግማሹ ሰራተኛ አዲሱ ላይ ግማሹ አሮጌው ላይ ሲመዘግብ አረፈደ፣ ማንም አላወቀም። ምሳ ሰዓት ላይ የመጋዘን ጸሐፊዋ ሁለት ደረሰኝ ይዛ መጣች፣ ቁጥራቸው አንድ፣ ቀናቸው አንድ፣ ኪሎው የተለያየ። ያንን ለማስታረቅ ከሂሳብ ክፍሉ ጋር ሁለት ሳምንት ወረቀት በወረቀት ተቀምጠናል፣ የነዛ ልጆች ድካም እስካሁን ከህሊናዬ አልወጣም።

ስለዚህ ማሽን ባዛወርሽ ቁጥር አሮጌው ላይ ያለውን አውቶስታርቱን አጥፊ፣ ሁሉም ተዛውሮ ሲያልቅ የአሮጌውን ኔትወርክ ኬብል ንቀይ፣ ባዮሱንም ቀይሪ፣ ሦስቱንም፣ አንዱን አርጌያለሁ ብለሽ ሌላውን እንዳትተዪ። ከዛ ውጪ ግን አሮጌው ላይ ምንም አታጥፊ፣ ዲስኩ እንዳለ ቢያንስ አንድ ወር ይቀመጥ፣ ሰው መጥቶ «ይሄ ራም ለሌላ ኮምፒውተር ይሆናል» ቢልሽ እንኳን እምቢ በይ።

ቅደም ተከተሉ ላይ፣ 5ቱንም በአንድ ሌሊት አታንሺ። አንድ ቅዳሜ አሻራውን ብቻ፣ ሳምንት አይተሽው በሚቀጥለው ፋይል ሰርቨሩን፣ መጨረሻ ላይ መጋዘኑንና ሂሳቡን አብረሽ። ዶሜን ኮንትሮለሩን ባታዛውሪው ደስ ይለኛል፣ አዲሱ ሰርቨር ላይ ሁለተኛ ዶሜን ኮንትሮለር አዲስ ጫኚና የአሮጌው መረጃ ወደሱ ተባዝቶ ሲጨርስ ሮሎቹን (የዋናነት ስራዎቹን) ወደሱ አሳልፊ፣ ዲኤንኤሱንም (ስምን ወደ አይፒ የሚለውጠውን) ወደዛ አዙሪ። ከዛ በፊት የአዲሱን ሰርቨር ሰዓት እይ! ከፋብሪካ ሲመጣ የሌላ አገር ሰዓት ሊሆን ይችላል፣ በዶሜን ኮንትሮለሩና በኮምፒውተሮቹ መሀል ከ5 ደቂቃ በላይ ልዩነት ካለ ፓስወርዱ ትክክል ሆኖ ሎጊን እምቢ ይላል፣ አንቺ ደግሞ ስህተቱን ሌላ ቦታ ስትፈልጊ ያነጋሻል።

ስራ አስኪያጁን እንዲህ በያቸው፦ የሐምሌ ሂሳብ መዝጊያ ሳያልቅ አይነካም፣ ቀይ ቡና መግዛት ከተጀመረ በኋላም አይነካም፣ የቀረን ነሐሴና ጳጉሜ ነው። ዝናቡና መብረቁ እንዳለ አውቃለሁ፣ የጅማ ክረምት ቀልድ የለውም፣ ስለዚህ አስቀድመሽ ሁለቱም ሰርቨሮች በርተው ዩፒኤሱን ከግድግዳው ንቀይና ስንት ደቂቃ እንደሚይዝ በሰዓት ለኪው፣ ለአንድ ሰርቨር የተገዛ ዩፒኤስ ሁለት አይሸከምም ይሆናል። ጄኔሬተር ካላችሁ ነዳጁን ሳይቀር እይ። የመመለሻ ሰዓትም ተስማሙ፣ እሁድ ከሰዓት 10 ሰዓት በሉ፣ እስከዛ ካልተስተካከለ አዲሱን አጥፍተሽ የአሮጌውን ኬብል ትመልሻለሽ፣ ማንም አይወቅስሽም። ሰኞ ሰው መመዝገብ ከጀመረ በኋላ ወደኋላ መመለስ ማለት የዛን ቀን ስራ መጣል ነው።

ባካፑንስ አልጠቀስሽልኝም። ኤክስተርናል ዲስክ ላይ አለ ብለሽ እንደሆነ፣ አዲሱ ሰርቨር አሁን ባዶ ስለሆነ እንዲህ አይነት እድል አይገኝም፣ በዚሁ ሳምንት የሂሳቡን ማሽን ከባካፑ አዲሱ ላይ ሪስቶር አርጊው፣ ኔትወርክ ሳትሰኪለት አስነሺው፣ ሂሳብ ክፍል ካሉት አንዷን ጥሪና የትናንትናውን ደረሰኝ ትፈልግ። ካገኘችው ቀኑን ቁረጡ። ካላገኘችው ደግሞ ሌላውን ሁሉ ትተሽ ባካፑን አስተካክለሽ መልሰሽ ጻፊልኝ።