ጉንፋን ነው አልኳት

ባለፈው ሳምንት ቢሮ ውስጥ አንድ ወጣት ምሳ ሰዓት ላይ ጠጋ አለኝና «ጋሼ፣ ብቻዬን የልጆች ፊልም ብገባ ሰው ምን ይለኛል?» ሲል ጠየቀኝ። ሃያ አምስት ዓመቱ ነው። ሂሳብ ላይ አንድ ሳንቲም የማያስቀር ጎበዝ ልጅ። ሳቅኩበት። «ምን ይሉሃል፣ ሂድ እንጂ» ብዬው ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ነገሩ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 2005፣ እዚሁ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ። «ናርኒያ» የሚባለው ፊልም ገና መውጣቱ ነበር። ልጄ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ካላየሁ ብላ አስጨነቀችኝ። ያን ጊዜ ሌሊት ፓርኪንግ እሠራለሁ፣ ቀን አካውንቲንግ እማራለሁ። ዕቅዴ ቀላል ነበር። እሷ ታያለች፣ እኔ እተኛለሁ።

የልጆች ፊልም ነው ብዬ ገብቼ መጀመሪያ የሰማሁት ቦምብ ነው። የጀርመን አውሮፕላኖች ለንደንን ይደበድባሉ። ቀጥሎ ባቡር ጣቢያ። እናትየዋ አራት ልጆቿን ወደ ገጠር ልትልክ ነው። በትንሿ ልጅ ኮት ላይ ወረቀት ታስራለች። እንቅልፌ እዚያች ወረቀት ላይ ጠፋ።

በ1970 ዓ.ም. እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ታስሯል፤ ሰፈራችን በየሌሊቱ ይፈተሻል። እናቴ አንድ ጠዋት ለገሃር ወስዳ ባቡር ላይ አሳፈረችኝ። ናዝሬት፣ አክስቴ ዘንድ። መጻፍ ስለማትችል የአክስቴን ስም ጎረቤት አስጽፋ፣ ወረቀቱን ከሦስት ብር ጋር ጠቅልላ፣ ሸሚዜ ውስጥ በመርፌ ቁልፍ አያያዘችው። መርፌዋ እስከ ደብረ ዘይት ደረቴን ስትወጋኝ እጄን አላስጠጋሁም። ከነካኋት የምጠፋ ይመስለኝ ነበር።

ይህን ለማንም አውርቼ አላውቅም። ለሚስቴም።

ፊልሙ ቀጠለ። ትንሿ ልጅ ድብብቆሽ ስትጫወት ቁም ሣጥን ውስጥ ትገባለች። የተሰቀሉትን ካፖርቶች እየገፋች ወደ ውስጥ ስትሄድ ጫካ ትደርሳለች። በረዶ ይዘንባል። በዚያ ሁሉ ዛፍ መሐል አንዲት የመንገድ መብራት ብቻዋን በርታለች። ፖፕኮርኑን እንደያዝኩ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ወንድምየው ለጣፋጭ ብሎ ወንድምና እህቶቹን አሳልፎ ሲሰጥ ደግሞ ደሜ ፈላ። በእኛ ጊዜ ከዚያ ባነሰ ነገር ጎረቤቱን ለቀበሌ የጠቆመ ሰው አውቃለሁ። ከሁለት ሰዓት በላይ ነው ፊልሙ። ለአንድ ደቂቃ እንኳን አላንቀላፋሁም።

«አባዬ፣ እያለቀስክ ነው?» አለችኝ።

«ጉንፋን ነው።»

መኪና ውስጥ እንደገባን ደግሞ «ወደድከው?» አለች። ዓይኗ ያበራል። እኔ ምን አልኩ? «የሕፃን ነገር ነው። ቁም ሣጥን ውስጥ ደግሞ ምን አገር አለ? ብር ማባከን።» ፊልሙ ውስጥም ትንሿ ልጅ ያየችውን ስትናገር ታላላቆቿ አላመኗትም ነበር። እኔም ከነሱ ጋር ወገንኩ። ልጄ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ከዚያ በኋላ አዲስ ፊልም ሲወጣ ከጓደኛዋ እናት ጋር ትሄዳለች እንጂ እኔን ውሰደኝ ብላኝ አታውቅም።

ለምን ዋሸሁ? ያደግኩበት ቤት እንዲህ አልነበረም። አክስቴ ቡና አፍልታ ተረት ስትጀምር፣ የጅቡን ድምፅ ስታወጣ፣ ቀድመው የሚስቁት ትልልቆቹ ነበሩ። አባባ ተስፋዬ በቴሌቪዥን ተረት ሲያወሩም ከልጆች ጀርባ የሚቆም አዋቂ አይጠፋም ነበር። አሜሪካ ነው ያደረቀኝ እንዳልል፣ አዲስ አበባ የቀሩት እኩዮቼም ከኔ የባሱ ደረቆች ናቸው።

እናንተ የዛሬ ወጣቶች ደግሞ ሌላ ናችሁ። ፊልሙን በስልክ፣ ያውም እያስሮጣችሁ፣ ግማሹን ዘላችሁ ታያላችሁ። እንባ ከመጣም መጀመሪያ የሚያየው ካሜራው ነው፤ አጠገባችሁ የተቀመጠው ሰው በኋላ ከፖስቱ ላይ ይሰማል። እኔ ደብቄ፣ እናንተ ለጥፋችሁ፣ የቱ እንደሚሻል እንጃ።

ስለ ሥራና ስለ ብር ቁጠባ ወላጆቻችሁ በቂ ነግረዋችኋል፤ እኔ አልጨምርም። የምለው አንድ ነው። ልጅ «ወደድከው?» ሲላችሁ እውነቱን እዚያው ንገሩት። መኪናው ሳይነሳ።

ልምከር እንጂ እኔም ገና አልተፈወስኩም። ባለፈው ሰመር ብቻዬን ካርቱን ልገባ ቲኬት ተሰልፌ የማኅበራችን ሰው አገኘኝ። «እዚህ ምን ታደርጋለህ?» ቢለኝ «የልጅ ልጄን እየጠበቅኩ ነው» አልኩት። የልጅ ልጅ የለኝም።

ያ ወጣት በጠየቀኝ ማታ እንቅልፍ ሲከለክለኝ ለልጄ ደወልኩ። አሁን አትላንታ ነው የምትኖረው። ስለ ባቡሩም ስለ መርፌ ቁልፏም ነገርኳት። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ።

«ጉንፋን እንዳልነበረማ አውቃለሁ» አለች በመጨረሻ። «በኔ ሻርፕ አይደል እንዴ የጠረግከው?»