የውድድር ሜዳው ትምህርት ቤትና የእህትህ ገንዘብ

«ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። በአካውንቲንግ ዲግሪ አለኝ፤ በሙያዬ ሥራ ስላላገኘሁ ከጎንደር ደባርቅ፣ አንዳንዴም እስከ አዲ አርቃይ የሰው ሚኒባስ እነዳለሁ። እህቴ ዱባይ በሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። እዚያ ባለ የመኪና ውድድር ሜዳ የከፍተኛ ብቃት የመንዳት ሥልጠና እንድወስድ ልትከፍልልኝ ዝግጁ ናት። ሰርተፍኬቱን ይዤ እዚያው ሥራ አገኛለሁ ብዬ አስባለሁ። አባቴ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ‹ዲግሪ ይዞ ሹፌር› እያሉ ሰው ፊት ስሜን ማንሣት ያፍራሉ። እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው። ዕድሜዬስ አልፎ ይሆን? ምን ይመክሩኛል?» — ከአዘዞ

ወንድሜ፣ ደብዳቤህ ብዙ ጥያቄ ይዟል፤ እኔን ያስቆመኝ ግን አንተ እንደ ጥያቄ ያልቆጠርኸው ነገር ነው። እህትህ ለመክፈል «ዝግጁ ናት» ብለሃል። በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ሴት ወንድሟን እንቢ ማለት ስለማይሆንላት ሁልጊዜም ዝግጁ ናት። በዚህ ዓይነት ዝግጁነት ጎንደር ውስጥ ስንት ቤት እንደተሠራ፣ ስንት ባጃጅ እንደተገዛ፣ ከፋይዋ ስትመለስ ግን የምትገባበት እንዳጣች አንተም ሰፈርህ ውስጥ አይተሃል። ስለዚህ መልሴ ቢመርህ ታገሠኝ። አብዛኛው ስለዚህ ገንዘብና ገንዘቡ ስለሚገዛው ነገር ነው።

የሚሸጥልህ ምን እንደሆነ እንይ። የዱባይ አውቶድሮም እ.ኤ.አ. በ2004 የተከፈተ፣ አንድ ዙሩ 5.39 ኪሎ ሜትር የሆነ ሜዳ ነው። አቡ ዳቢ ያለው ያስ ማሪና ደግሞ በ2009 ተከፍቶ የፎርሙላ ዋን ውድድር ያስተናግዳል። እንዲህ ያሉ ሜዳዎች ውድድር በሌለባቸው ቀናት መንገዱን፣ መኪናውንና አሠልጣኙን ለከፋይ ያቀርባሉ። ከፋዩ ማን ነው? ፈጣን መኪና ገዝቶ የት እንደሚነዳው የቸገረው ባለሀብት፣ ለልደቱ ስጦታ የተሰጠው ሰው፣ አልፎ አልፎም ለውድድር የሚዘጋጅ ወጣት። ጠዋት ስለ አቀማመጥና ስለ ፍሬን ገለጻ ይሰጠዋል፤ የራስ ቁር ያጠልቃል፤ ውሃ በተረጨ አስፋልት ላይ የሚንሸራተት መኪና መልሶ መያዝን ይለማመዳል፤ ከዚያ አሠልጣኙን አጠገቡ አስቀምጦ ሜዳውን ይዞራል፤ ማታ ሰርተፍኬቱን ይዞ ፎቶ ይነሣል። ዋጋው የአንድ ቀኑ በመቶዎች፣ የበርካታ ቀናቱ በሺዎች ዶላር ይቆጠራል። ማጭበርበር የለበትም፤ ሰውየው ጥሩ ቀን ሊያሳልፍ ከፍሎ ጥሩ ቀን አሳልፏል።

አንተ ግን የፈለግኸው ሥራ ነው። ወረቀቱ ሥልጠናውን መውሰድህን ከመመስከር ያለፈ ሥልጣን የለውም። ኤምሬትስ ውስጥ ሹፌር የሚቀጥር ሰው የሚጠይቅህ የአገሩን መንጃ ፈቃድ፣ የሥራ ፈቃድና የመኖሪያ ፈቃድ ነው። በጉብኝት ቪዛ ገብቶ መሥራት ሕገ ወጥ ነው፤ ብትያዝ ደግሞ ቅጣቱን ለመክፈል የምትሯሯጠው ያችው እህትህ ናት።

ትምህርት ቤት መክፈት ራሱ እንኳ ቀላል እንጀራ አይደለም። አሜሪካዊው የመኪና ተወዳዳሪ ቦብ ቦንዱራንት እ.ኤ.አ. በ1967 ውድድር ላይ የመሪው ክፍል ተሰብሮበት ክፉኛ ተጎዳ፤ በ1968 ካሊፎርኒያ ውስጥ የመንዳት ትምህርት ቤት ከፈተ። በዓለም ከታወቁት አንዱ ሆነ፤ የፊልም ተዋንያን ሳይቀሩ ተማሩበት። ሃምሳ ዓመት በሞላው በ2018 ግን ዕዳውን መክፈል አቅቶት ለኪሳራ ፍርድ ቤት አመለከተ። ከዚያ በኋላ ወደ ሌሎች ባለቤቶች እጅ አልፎ ስሙም ተቀየረ። ጎማው፣ የፍሬን ሸራው፣ መድኑ፣ ሜዳው፣ ሁሉም ገንዘብ ይበላል። በነገራችን ላይ ዋጋው የሚወደደውም ለዚሁ ነው፤ አገር አቋራጭ መኪና በወራት የሚጨርሰውን ጎማ እዚያ በአንድ ቀን ሊጨርሱት ይችላሉ።

በሜዳው ላይ ገንዘብ የሚያገኙ ሰዎችም አሉ፤ አሠልጣኞቹና መካኒኮቹ። ከአሠልጣኞቹ ብዙዎቹ ከልጅነታቸው ጀምሮ የተወዳደሩ ናቸው። የፎርሙላ ዋን ሻምፒዮኑ ሉዊስ ሃሚልተን ካርት በምትባለው ትንሽዬ የውድድር መኪና የጀመረው በስምንት ዓመቱ ነው፤ አባቱም ለዚያ ወጪ ሲሉ ደራርበው ይሠሩ ነበር። ተወዳዳሪ ለመሆን እንግዲህ ዕድሜህ አልፏል፤ ይህን ማለባበስ አያስፈልግም። መካኒኮቹ በሚገቡበት በር ግን ማንም ዕድሜህን አይጠይቅህም። እዚያ ሜዳ የመድረስ ፍላጎትህ የምር ከሆነ፣ ከፋይ ሆነህ ከምትገባ ተከፋይ ሆነህ ግባ።

ይህን ስል ትምህርቱን የናቅሁ እንዳይመስልህ። የሚያናድደኝ እንዲያውም ተቃራኒው ነው፤ እዚያ የባለሀብት መዝናኛ የሆነው ዕውቀት ሊማሊሞን ለሚወርደው ሹፌር አለመድረሱ። ስሙ ስለ ፍጥነት ቢመስልም ትምህርቱ የሚጀምረው ከዓይንና ከፍሬን ነው። አሠልጣኙ መጀመሪያ የሚያርመው የምታይበትን ቦታ ነው። ከፊትህ ያለውን መኪና ጭራ ትተህ የመታጠፊያውን መውጫ እንድትፈልግ ያደርግሃል፤ እጅህ ዓይንህን ይከተላልና። ቀጥሎ ፍሬኑን መንገዱ ቀጥ ባለበት ጨርሰህ እንድትታጠፍ ያስተምርሃል። ጎማ መሬቱን የሚይዝበት አቅም ልክ አለው፤ ፍሬን እየረገጥህ መሪ ስትጠመዝዝ ያንኑ አንድ አቅም ለሁለት ሥራ ታካፍለዋለህ፤ ካነሰ መኪናው ወደ መታጠፊያው ውጭ ይሳባል። ሦስተኛው ሒሳብ ነው፤ አንተም የሒሳብ ሰው ነህ። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬን ከተያዘ በኋላ ለመቆም የሚፈጀው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ስትሄድ ደግሞ እግርህ ፍሬኑን እስኪያገኝ አንድ ሰከንድ ከዘገየህ ብቻ 22 ሜትር ሄደሃል።

አሁን ወደ መንገድህ እንምጣ። አምባ ጊዮርጊስን፣ ዳባትን፣ ደባርቅን አልፈህ ጣልያን በወረራው ዘመን የቆረጠውን የሊማሊሞ ጠመዝማዛ ስትጀምር ከሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ትወርዳለህ። መኪናው ሞልቷል፤ ጣሪያው ላይ ጆንያ ተጭኗል። ነዳጅ ለመቆጠብ በዜሮ ማርሽ የሚለቅቁ ሹፌሮች አሉ፤ ከእነሱ አንዱ እንዳልሆንህ ተስፋ አለኝ። በከባድ፣ ማለትም በዝቅተኛ ማርሽ ይዘህ ካልወረድህ ሸክሙ ሁሉ ፍሬኑ ላይ ያርፋል፤ ፍሬኑ ይግላል፤ ግለቱ ወደ ፍሬን ዘይቱ ይደርሳል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት ዓይነት ደረጃውን የጠበቀና አዲስ ከሆነ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አይፈላም፤ እርጥበት ከሳበ በኋላ ግን ደረጃው የሚጠብቅበት 155 ብቻ ነው። ሲፈላ እንፋሎት ይፈጠራል፤ እንፋሎት ደግሞ ሲጫኑት ይታመቃል፤ ፔዳሉ እስከ ወለል ይሰምጥና መኪናው ይቀጥላል። ጋራዥ እሠራ በነበረበት ዘመን «ፍሬን በጥሶ ነው» ተብሎ ተጎትቶ የመጣ መኪና ፈትቼ፣ ቱቦው ደህና ሆኖ ዘይቱ ብቻ ጠቁሮ ያየሁበት ጊዜ ብዙ ነው። አሥርና ዐሥራ አምስት ዓመት የነዱ ሰዎች ዘይት ሲጎድል መጨመር እንጂ መቀየር እንዳለበት ሰምተው አያውቁም ነበር።

ሁሉም ነገር ከሜዳው ወደ ተራራው አይመጣም። እዚያ የመንገዱን ሙሉ ስፋት ተጠቅመህ ከዳር ወደ ዳር ትታጠፋለህ፤ እዚህ ግማሹ ከታች የሚወጣው የሲኖ ትራክ ነው። ያን የለመደ እጅ ይዘህ ብትመጣ ደባርቅ ላይ ወርጄ በእግሬ እሄዳለሁ።

እንግዲህ ይህን ለሹፌሮቻችን የሚያስተምረው ማን ነው? ያየኋቸው ሠልጣኞች በምልክቶች መሀል ወደ ኋላ መግባትን እስኪሰለቻቸው ይለማመዳሉ፤ በሙሉ ኃይል ፍሬን መያዝን ግን አንድ ቀን እንኳ ሳይሞክሩ መንጃ ፈቃድ ያወጣሉ። የመጀመሪያ ሙከራቸው መንገድ ላይ ሕፃን ሲገባባቸው ነው ማለት ነው። እኔ ላንተ የሚታየኝ ቦታ እዚህ ጋር ነው። የአውቶሞቲቭ ሙያ ተማር። ጎንደር ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ሄደህ ከሥራህ ጋር በሚስማማ ሰዓት የሚሰጥ ሥልጠና መኖሩን ጠይቅ፤ ከሌለ ስመ ጥር ጋራዥ ፈልገህ ሚኒባሱ በማይወጣባቸው ቀናት እጅህን አቆሽሽ። መንገዱ በሰላም እጦት በተዘጋባቸው ቀናት ቤት ከመቀመጥ ይሻላል። የብቃት ምዘናውን፣ ማለትም ሲኦሲውን፣ ውሰድ። መንጃ ፈቃድህን ወደ ከፍተኛው የሕዝብ ደረጃ አሳድግ።

ያን ጊዜ ሁለት መንገድ ይኖርሃል። አንደኛው የዓለም አቀፍ ድርጅቶች ሹፌርነት ነው። ማስታወቂያቸውን አንብበው፤ ከአደጋ የጸዳ የመንዳት ታሪክና አነስተኛ ብልሽት የመጠገን ችሎታ ይጠይቃሉ፤ በመንዳት ፈተናም ይለያሉ። ሁለተኛውና እኔ የማደላለት በአሽከርካሪ ማሠልጠኛ ተቋም አሠልጣኝ መሆን ነው። ሒሳብ የሚያውቅ፣ ሊማሊሞን የሚያውቅ፣ ሞተር የሚያውቅ አሠልጣኝ በየሰፈሩ አይገኝም። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ ደግሞ የኤሌክትሪክ መኪና እየበዛ ነው። ባትሪው ያከብደዋል፤ የፍጥነት ፔዳሉን ስትነካው ኃይሉን በአንዴ ይሰጣል፤ እግርህን ስታነሣ ራሱ ይገታል። የነዳጅ መኪና የለመደው ሹፌር ይህን አዲስ ነገር ከአንድ ሰው መማር አለበት። አሠልጣኝ ሆነህ ጥቂት ዓመት ከሠራህ በኋላ፣ በራስህ ገንዘብ ወይም በቀጣሪህ ወጪ፣ የሜዳውን የአንድ ቀን ሥልጠና ብትወስድ አልቃወምህም፤ የምትጽፈውን ማስታወሻ ለማን እንደምታስተምረው ታውቀዋለህና።

ለእህትህ ዛሬውኑ ደውልና አልፈልግም በላት። ቀሪውን ነገር ራሷ ትወስን፤ ካማከረችህ ግን ገንዘቡን በስሟ በዲርሃም ታስቀምጠው። ዲርሃም ከዶላር ጋር የታሰረ ነው፤ ብር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ምን ያህል እንደወደቀ ደግሞ አይተናል። እናትና አባትህ በዚህ ቅር ቢሰኙም ጽና። ልጅቷ የቤቱ ባንክ እንድትሆን ማንም ጠይቋት አያውቅም፤ እንዲሁ ሆና ተገኘች።

አባትህን አከብራለሁ፤ በዚህ ነገር ግን ተሳስተዋል። ዲግሪህን ግድግዳ ላይ ሰቅለህ ሥራ ፈት ብትሆን ሰው ፊት ስምህን በኩራት ያነሡት ነበር? ክርክር አትግጠም። አንድ ቀን ከፊት ወንበር አስቀምጠህ እስከ አዲ አርቃይ ውሰዳቸው፤ የልጃቸውን ሥራ በዓይናቸው ይዩት።

ስለ እንግሊዝኛህ፦ ኮርስ ከመመዝገብህ በፊት የምትነዳውን መኪና የአጠቃቀም መመሪያ መጽሐፍ ፈልግና የፍሬኑን ምዕራፍ በመዝገበ ቃላት አንብበው፤ ያልገባህን ጽፈህ ላክልኝ። የሚኒባሱን ባለቤት ደግሞ የፍሬን ዘይቱ መጨረሻ የተቀየረበትን ጊዜ ጠይቀው። ካላስታወሰ፣ ከሚቀጥለው የደባርቅ ጉዞ በፊት አስቀይረው።