መልስ፦ ጣና ዳር ባለው ዘጌ ደን ውስጥ ባይናኩላሩን (የሩቅ ማያ መነጽሩን) ሳነሳ ወፏ ትጠፋብኛለች፤ ነፍሳትም አላገኘሁም

ወፏን የምታጣት ዓይንህን ነቅለህ ወደ ባይናኩላሩ ስለምታይ ነው። ከወፏ ላይ ዓይንህን አትንቀል፤ አንገትህን ሳትደፋ ባይናኩላሩን ወደ ዓይንህ አምጣው። ደኑ ከመግባትህ በፊት 20 ሜትር ገደማ ርቆ ባለ ግንድ ላይ ምስሉ ጥርት እስኪል አስተካክለው። ባይናኩላሩ 10 እጥፍ የሚያጎላ ከሆነ 8 እጥፍ በሚያጎላ ብትቀይረው የሚያሳየው ስፋት ይጨምራል፣ የእጅ መንቀጥቀጥም አይጎላም።

ከዚያ አትቸኩል። ፍሬ የያዘ ዋርካ ወይም ሾላ አጠገብ 10 ደቂቃ ዝም ብለህ ቁም። ቱራኮ የሚባለው አረንጓዴ፣ ጅራተ ረጅም ወፍ ቅጠል መስሎ ይቀመጣል፤ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ሲሻገር ግን የክንፉ ደማቅ ቀይ ይጋለጣል። ያረፈበትን ልብ በል።

ለነፍሳት ሰዓቱን ቀይር። ለወፍ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ነው፤ ቢራቢሮና የውሃ ተርብ ግን ፀሐይ ሳትሞቃቸው አይነሱም፣ ከ4 ሰዓት በኋላ አበባና ውሃ ዳር ፈልግ። የውሃ ተርብ ቢበርብህ አታሳደው፤ ብዙ ጊዜ ወደተነሳበት ሸምበቆ ጫፍ ይመለሳል። ጥላህ እንዳያርፍበት ብቻ።

አንድ ነገር፦ አባይ ከጣና ወደሚወጣበት ብትሻገር በማለዳ ደንገል ውስጥ አትግባ። ጉማሬ ሌሊት ሣር ግጦ ወደ ውሃ የሚመለሰው በዚያ ሰዓት ነው፤ መንገዱ ላይ የቆመን አይምርም።