በብረት መፈለጊያ ማሽን (ሜታል ዲቴክተር) ከ10 ሴንቲ ጥልቀት በታች ሳንቲም አላገኝም ላልከው፣ ስለ ግራውንድ ባላንስ የኔ ልምድ

ሰላም ወንድሜ፣ ጥያቄህን አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም ምክንያቱም እኔም እዛው ጉድጓድ ውስጥ ሁለት ወር ተቀምጬበታለሁ። ሴንሲቲቪቲውን (ማሽኑ ደካማ ሲግናል የሚሰማበትን አቅም) እስከ መጨረሻ ከፍ አድርገሃል፣ ማሽኑ ሲንጫጫ ይውላል፣ ከ10 ሴንቲ በታች ግን አንድ ሳንቲም አላወጣህም፣ ግራውንድ ባላንሱን (ማሽኑን ከአፈሩ ጋር ማስማማቱን) ደግሞ «ጠዋት ከመኪና ስወርድ አንዴ አደርገዋለሁ» ብለሃል። እኔ ችግሩ እዚችጋ ነው ባይ ነኝ።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ፣ ግራውንድ ባላንስ ማሽንህ ላይ የሌለ ጥልቀት አይጨምርልህም፣ አፈሩ የበላብህን ነው የሚያስመልስልህ። አፈር ውስጥ ብረት ነክ ማዕድን አለ፣ በተለይ ማግኔታይት የሚባለው ጥቁሩ፣ እና ኮይሉ (መሬቱ ላይ የምታወዛውዘው የማሽኑ ክብ ጫፍ) ወደታች ለሚልከው ነገር እሱም ልክ እንደ ሳንቲሙ መልስ ይሰጣል፣ ያውም በጣም የገነነ መልስ። ሳንቲሙ ደግሞ በራቀ ቁጥር ድምፁ የሚሞተው ቀስ እያለ አይደለም፣ ከኮይሉ ስፋት አልፎ ከሄደ በኋላ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ሲግናሉ ወደ 64 እጥፍ ገደማ ይደክማል (ሲሄድ 8 እጥፍ፣ ሲመለስ 8 እጥፍ)። ስለዚ 20 ሴንቲ ላይ ያለ ሳንቲም ሹክሹክታ ነው፣ አፈሩ ደግሞ አጠገብህ ሆኖ የሚጮህ ሰው። ግራውንድ ባላንስ ማለት ለማሽኑ «የዚህ ቦታ አፈር እንዲህ ነው የሚጮኸው፣ እሱን ተወው» ብሎ ማስተዋወቅ ነው በቃ።

አሁን የኔን ጉድ ልንገርህ። እኔ ፊሸር ኤፍ 75 ነው የምጠቀመው፣ እሱ ላይ የአፈሩን ቁጥር ስክሪን ላይ ያሳይሃል፣ እና እኔም ልክ እንዳንተ መግቢያው ላይ ቆሜ ኮይሉን ከፍ ዝቅ ከፍ ዝቅ አደርግና ቁጥሩ 18 ምናምን ይመጣል፣ አሪፍ ብዬ እገባለሁ። ቀኑን ሙሉ ቆርኪና የላይ የላዩን ብቻ ለቅሜ እመለሳለሁ። በኋላ ማኑዋሉን አንድ ምሽት ቁጭ ብዬ ሳነብ (ሰው ማሽን ገዝቶ ማኑዋል የሚያነበው ሲጨንቀው ነው መቼም) ከ5 እስከ 25 ያለው ቁጥር ላይ አፈር እምብዛም አይገኝም፣ ምናልባት ብረት ላይ ቆመህ ይሆናል ይላል። በማግስቱ ሄጄ እዛች የለመድኳት ቦታ ስቆፍር የዛገ የብረት ቁራጭ፣ የክንድ ርዝመት ያለው። ሁለት ወር ሙሉ ማሽኔን «ብረቱን ተወው» ስለው ነበር የከረምኩት። ሁለት እርምጃ ራቅ ብዬ ስሞክረው 84 መጣ፣ የዛን ቀን ነው መጀመሪያ ጠለቅ ያለ ሳንቲም ያወጣሁት።

በኤፍ 75 አቆጣጠር ቀይ ቢጫ ቡኒ ሸክላ አፈር ከ40 እስከ 75 አካባቢ ነው፣ ጥቁር ማግኔታይት ያለበት ከ75 እስከ 95፣ እርጥብ ጨው ከ0 እስከ 10። ያንተ ማሽን ሌላ ከሆነ ይሄን ቁጥር እንዳትወስደው፣ እያንዳንዱ የራሱ አቆጣጠር አለው፣ ሚንላብ ኢኩኖክስ ለምሳሌ ከ -9 እስከ 99 ነው። ደግሞ ቁጥሩ የማዕድኑን ዓይነት እንጂ ብዛቱን አይነግርህም፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ብዛቱን ኤፍ 75 በሌላ ባር ለብቻው ነው የሚያሳየው።

እና እንዴት ነው የማደርገው ላልከው፣ ከሁሉ በፊት ኮይሉን ምንም ሳታንቀሳቅስ ያዘው። ዝም ብለህ ይዘኸው እየተንጫጫ ከሆነ ችግሩ አፈሩ አይደለም፣ የኤሌክትሪክ መስመር ወይ ኪስህ ያለው ስልክ ነው፣ እሱን ሺ ጊዜ ግራውንድ ባላንስ ብታደርግ አይጠፋም፣ ስልኩን አጥፋ ወይ ፍሪኩዌንሲውን ቀይር ወይ ኖይዝ ካንስል (ከውጭ የሚመጣ ጫጫታ ማጥፊያ) ካለው እሱን አስቀድም። ስታወዛውዘው ብቻ የሚንጫጫ ከሆነ ግን አፈሩ ነው። ከዛ አካፋህን ሦስት አራት እርምጃ ራቅ አድርገህ አስቀምጥ፣ የብረት አፍንጫ ያለው ሴፍቲ ጫማ ካደረግክ ደግሞ እግርህን ከኮይሉ አርቅ። ኦል ሜታል ላይ አድርገህ፣ ዲስክሪሚኔሽን (ሚስማር ዓይነቱን ለይቶ ዝም የሚያሰኘው) ሳይኖር ማለቴ ነው፣ ምንም የማይጮህበት ንጹህ ቦታ ፈልግ። እዛ ላይ ቁልፉን ይዘህ (እንደ ማሽኑ ይለያያል) ኮይሉን ከመሬት ከ3 ሴንቲ ያህል እስከ 25 ሴንቲ ከፍ ዝቅ አድርገው፣ ዝግ ብለህ፣ ጠፍጣፋ ጎኑ መሬቱን እንዳየ፣ ሳታዘነብለው። ድምፁ ሲጠፋ ወይ ቁጥሩ ሲረጋ ልቀቀው። ከዛ ራቅ ብለህ ሌላ ሁለት ቦታ ላይ ድገመው፣ ሦስቱም ከተቀራረቡ ጥሩ ነው፣ አንዱ ብቻውን ካፈነገጠ እሱ ቦታ ብረት ሳይኖርበት አይቀርም፣ ቆይተህ ቆፍረው።

ማኑዋል ማስተካከያ ካለው ደግሞ ትንሽ ወደ ፖዘቲቭ ባዳላው ነው የምወደው፣ ማለትም ኮይሉን ወደ መሬት ስታወርደው በጣም ቀጭን ድምፅ እንዲሰማ፣ ከፍ ስታደርገው ዝም እንዲል። ተቃራኒው ከሆነ፣ ስታነሳው ከጮኸ፣ ኔጌቲቭ ነው፣ እሱ ነው የራቀውን ሳንቲም የሚውጥብህ። ቁጥሩን ወዴት መጨመር መቀነስ እንዳለብህ እንደ ማሽኑ ስለሚለያይ በጆሮህ ሂድ፣ አንድ አንድ ነጥብ እያልክ።

ትራኪንግ የሚባለውን፣ ራሱ እየተከተለ የሚያስተካክለውን፣ እኔ አላበራውም። አፈሩ በየሜትሩ የሚለዋወጥ ከሆነ አይጠቅምም አልልም፣ ግን የደከመች ጥልቅ ሲግናል አግኝተህ እሷ ላይ ደጋግመህ ስታወዛውዝ ማሽኑ አፈር ናት ብሎ ቀስ በቀስ ያጠፋታል፣ እና አንተ «ውይ ጠፋች» ብለህ ትሄዳለህ። ባይሆን በየግማሽ ሰዓቱ፣ የአፈሩ ቀለም ሲቀየር፣ ዝናብ ሲመጣ፣ ራስህ በእጅህ ድገመው። እሳት ሲነድበት የኖረ ቦታ ላይ በተለይ ተጠንቀቅ፣ አፈር ሲቃጠል መግነጢሳዊነቱ ይጨምራል፣ ከጎኑ ካለው አፈር ሌላ ቁጥር ነው የሚሰጥህ። የጋሬት ኤስ 250 ዓይነት ማሽን ከሆነ ያለህ ደግሞ ማስተካከያው የለውም፣ ከፋብሪካ የተቆለፈ ነው፣ ያኔ ያለህ አማራጭ ሴንሲቲቪቲ መቀነስና ትንሽ ኮይል መግጠም ነው፣ ትንሽ ኮይል ትንሽ አፈር ነው የሚያየው።

ሴንሲቲቪቲው... እባክህ ቀንሰው። ባላንስ ካደረግክ በኋላ ከመጨረሻው ጀምረህ ማሽኑ ጸጥ እስኪል አንድ አንድ ደረጃ አውርደው፣ እዛ ላይ ተወው። በሚንጫጫ ማሽን ሹክሹክታ አትሰማም። ዲስክሪሚኔሽኑንም ዝቅ አድርግ፣ ምክንያቱም ማዕድን በበዛበት አፈር ጥልቅ ያለ ሳንቲም ስክሪኑ ላይ የሚሰጥህ መለያ ቁጥር ወደ ብረቱ ሰፈር ይንሸራተታል፣ ሚስማር ላለመስማት ብለህ የቆረጥከው እሱንም አብሮ ይቆርጠዋል። ኮይሉንም ከመሬት አታንሳው፣ ከላይ የነገርኩህን 64 እጥፍ አስብና፣ ስታወዛውዝ ጫፍና ጫፉ ላይ 5 ሴንቲ ከፍ ካልክ ያችን 5 ሴንቲ ከጥልቀትህ ነው የምትከፍለው።

ለመማር የሚበልጥ አንድ ዘዴ አለ፣ ሳንቲም ቀብሮ ከመሞከር እኔ ይሄን እመርጣለሁ፦ ደከም ያለች ግን ከሁለቱም አቅጣጫ የምትደገም ሲግናል ስታገኝ ቶሎ አትቆፍር። ግራውንድ ባላንሱን አምስት ነጥብ ወደ አንድ ጎን አውጣውና ስማት፣ ከዛ ወደ ሌላኛው ጎን፣ ከዛ ወደ ቦታው መልሰው። እንዴት እንደምትፈዝና እንደምትመለስ በገዛ ጆሮህ ስትሰማ እኔ እዚህ የቀባጠርኩትን ሁሉ በአንድ ደቂቃ ትረዳዋለህ። ከዛ ቆፍር፣ ጥልቀቱን ለካው።

ነገ ስትወጣ ሦስት ቦታ የመጣልህን ቁጥር፣ የማሽኑን ሞዴልና የአፈሩን ቀለም እዚሁ ጻፍልን። እና ውይ ልረሳው ነበር፣ የኮይሉን ፕላስቲክ ሽፋን አውልቀህ እጠበው፣ ውስጡ ጥቁር አፈር ተጠራቅሞ ከሆነ ያንን አፈር ቀኑን ሙሉ ተሸክመኸው ነው የምትዞረው።