ለሰመር ሊግ ከመፈረሙ በፊት ውሉን አንብቢው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ልጅሽ ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመቱን ሊጨርስ ነው። ቤዝቦል ይጫወታል። አሰልጣኙ ሩቅ ስቴት ያለ የሰመር ሊግ (የኮሌጅ ልጆች በእረፍታቸው የሚጫወቱበት ውድድር) ውስጥ ቦታ አገኝልሃለሁ ብሎታል። አንቺ ደግሞ «ይሂድ ወይስ እዚሁ ቤቱ ሆኖ ሥራ ይሥራ? ለመሆኑ ይሄ ነገር የትም ያደርሰዋል ወይ?» ብለሻል። እኔ የዛሬ አራት ዓመት እዚሁ ጥያቄ ላይ ነበርኩ። ያኔ የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ኖሮ የልጄ አንድ ሰመር ባልባከነ። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

1. መጀመሪያ የድራፍቱን ቁጥር እወቂ። ድራፍት ማለት የሜጀር ሊግ፣ የአሜሪካ ትልቁ የቤዝቦል ሊግ፣ ቡድኖች በየዓመቱ አዲስ ተጫዋች በዙር በዙር የሚመርጡበት ነው። እስከ 2019 ድረስ ድራፍቱ 40 ዙር ነበረው። በ2020፣ በኮቪድ ጊዜ፣ 5 ዙር ብቻ ሆነ። ከ2021 ወዲህ 20 ዙር ነው። በዓመት የሚመረጠው ልጅ ከ600 ትንሽ ቢበልጥ ነው። እሱም ከሃይስኩል በቀጥታ የሚመረጡትን ጨምሮ። ዲቪዥን ዋን በሚባለው የኮሌጅ ስፖርት ከፍተኛ እርከን ውስጥ ብቻ ወደ 300 የሚጠጉ ኮሌጆች ቡድን አላቸው፤ እያንዳንዱ ቡድን ከ30 በላይ ልጅ ይይዛል። ስሌቱን ራስሽ ሥሪው።

ሰው ሁሉ የታዋቂውን የኒው ዮርክ ያንኪስ ተጫዋች የአሮን ጀጅን ታሪክ ይነግርሻል። እውነት ነው፣ ታሪኩ ያስደስታል። በ2010 ከሃይስኩል ሲወጣ 31ኛው ዙር ላይ ተመረጠ። እምቢ ብሎ ኮሌጅ ገባ። በ2012 ኬፕ ኮድ በሚባለው የታወቀ የሰመር ሊግ ውስጥ ለብሩስተር ቡድን ተጫወተ። በ2013 ያንኪስ በመጀመሪያው ዙር ወሰዱት። ግን ልብ በይ፣ 31ኛ ዙር የሚባል ነገር ዛሬ የለም። ያን ጊዜ መጨረሻ አካባቢ ይመረጡ የነበሩ ልጆች ዛሬ ስልካቸው አይጮህም።

ቢመረጥስ? የተመረጠ ልጅ የሚጀምረው ከሜጀር ሊግ በታች ባሉት ሊጎች ነው። በ2023 በተፈረመው የእነዚህ ሊጎች ተጫዋቾች ስምምነት፣ በዚያው ዓመት ታችኛው እርከን ላይ ያለ ልጅ ዝቅተኛ ደሞዙ በዓመት 19,800 ዶላር ነበር። ከሜጀር ሊግ አንድ እርከን ዝቅ ብሎ፣ ትሪፕል ኤ ላይ፣ 35,800። ከዚያ ስምምነት በፊትማ በጣም ያነሰ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ዙሮች ላይ የሚመረጡት ለፊርማ ጥሩ ገንዘብ ያገኛሉ። የቀሩት ግን በዚህች ደሞዝ ነው የሚኖሩት። ስለዚህ ዲግሪውን በምንም አትለውጪው።

2. ሰመር ሊጉ ግን ዋጋ የለውም እያልኩሽ አይደለም። ኮሌጅ ውስጥ ኳሷን የሚመቱት በብረት ባት (መምቻ ዱላ) ነው፤ ፕሮፌሽናሉ የሚጫወተው በእንጨት ብቻ ነው። ትልልቆቹ የሰመር ሊጎች በእንጨት የሚያጫውቱት ለዚህ ነው፣ ለፕሮፌሽናል ቡድኖች ተጫዋች የሚፈልጉት መልማዮችም ሊያዩ የሚመጡት ይህንኑ ነው። ብረቱ ኳሷን ትንሽ ስተሃት እንኳ ያሻግርልሃል። እንጨቱ አያዝንልህም። ልጄ የመጀመሪያውን ሳምንት እጁ እየነዘረው ነው ያሳለፈው። ሦስት ባት ሰበረ፤ አንዱ ከመቶ ዶላር በላይ ነው የገዛሁት። ይህንንም በወጪሽ ውስጥ አስገቢው።

3. አሁን ዋናው ነገር፣ ውሉ። ሁለት ዓይነት ውል አለ፤ የሙሉ ሰመር ውልና ጊዜያዊ ውል። ጊዜያዊ የሚኖረው ለምን መሰለሽ? የትልልቆቹ ኮሌጆች ልጆች ሰኔ ላይ ገና ውድድር ላይ ናቸው። የኮሌጆች የፍጻሜ ውድድር የሚደረግበት ኦማሃ ድረስ የሚደርሱም አሉ። እነሱ እስኪመጡ ድረስ ሜዳውን የሚሞላ ልጅ ያስፈልጋል። ሲመጡ ያኛው ይሸኛል።

እኔ ይህንን አላውቅም ነበር። ልጄ ሁለተኛ ዓመቱን ሲጨርስ እዚሁ ሜሪላንድ ውስጥ፣ ከቤታችን 15 ደቂቃ የሚርቅ ቡድን የሙሉ ሰመር ቦታ ሰጥቶት ነበር። ካውንቲው የመንገድ ሥራ ክፍል ውስጥም ኢንተርንሺፕ አግኝቷል። ቀን እየሠራ ማታ ማታ መጫወት ይችል ነበር። ከዚያ ኒው ኢንግላንድ (የአሜሪካ ሰሜን ምሥራቅ ክፍል) ካሉት የሰመር ሊጎች ከአንዱ ስልክ ተደወለ። የቡድኑ ስም የታወቀ ነው። ልጁ «አባዬ፣ እዚሁ ብቆይ ይሻለኛል» አለኝ። እኔ ነኝ «ትልቁን ያዝ!» ያልኩት። ወረቀቱ ላይ «ጊዜያዊ» የሚል ቃል ነበር። አየሁት። ወግ ነው ብዬ አለፍኩት። ቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸው ነው። የሰፈሩን ቡድንም ኢንተርንሺፑንም በአንድ ቀን መለስን።

የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስለምነዳ ሰመር ላይ እረፍት ነኝ። ራሴ ይዤው ሄድኩ፤ ከምንኖርበት ሲልቨር ስፕሪንግ ቀኑን ሙሉ ነዳሁ። ቤታቸው ተቀብለው ያስተናገዱት ባልና ሚስት እግዚአብሔር ይስጣቸው። ሴትዮዋ ፍሪጁን በእንቁላልና በቋሊማ ሞልታ ጠበቀችው። ለካ የሰኔ ጾም ገብቷል። ልጁ አፍሮ ሁለት ቀን ዳቦ ብቻ በላ። በሦስተኛው ቀን ሲነግራት ባለቤቴን በስልክ አስደወለችና ምስር ወጥ ከነአሠራሩ ተማረች። እስከ ዛሬ ለገና ካርድ ትልክልናለች።

ቡድኑ ግን ሌላ ነው። በ10 ቀን ውስጥ አራት ጊዜ ብቻ ለመምታት ቆመ። አንዱን መታ። በ11ኛው ቀን ከልምምድ በኋላ መኪና ማቆሚያው ላይ ጠርተው፣ የምንጠብቀው ልጅ ደርሷል፣ እናመሰግናለን አሉት። ሻንጣውን እንኳ አልፈታም ነበር። ማታ ሲደውልልኝ ድምፁ ደህና ነበር፤ እኔ ነኝ ስልኩን ዘግቼ መኪና ውስጥ የተቀመጥኩት።

የሰፈሩ ቡድን ቦታውን ለሌላ ሰጥቷል። ኢንተርንሺፑም ሞልቷል። ኮሌጁ ሌላ ቡድን ያፈላልግለት ብዬ የስፖርት ቢሮውን ደወልኩ። አንዲት ሴት አንስታ «ከወላጅ ጋር አንነጋገርም፣ ልጁ ራሱ ይደውል» አለችኝ። እሺ፣ ደንብ ነው ብዬ ተቀበልኩ። ልጁ አራት ጊዜ ደወለ፣ ኢሜይል ጻፈ። ጆሮ ዳባ ልበስ! ያንን ውል ፈርም ያለው ምክትል አሰልጣኝ መልስ የሰጠው ነሐሴ ላይ ነው፣ ሊጉ ካለቀ በኋላ። ዛሬም ሳስታውሰው ያንገበግበኛል። እነሱ ዘንድ አንድ ስልክ ነው፤ ለእኛ የልጃችን ዓመት ነው።

እህቴ፣ የጊዜው ነገር ጠባብ ነው። አራት ዓመት የሚያስተምር ኮሌጅ የገባ ልጅ ሦስተኛ ዓመቱን ካልጨረሰ ወይ 21 ካልሞላው አይመረጥም። ስለዚህ ዋናዎቹ ይሄ ሰመርና የሚቀጥለው ናቸው። ከሁለቱ አንዱን ወንበር ላይ ተቀምጦ ካሳለፈው ግማሹ ሄደ ማለት ነው። የሊጉ ስም ባት አይዝለትም። ኖርዝውድስ የሚባለው የሰመር ሊግ በአንድ ሰመር 72 ጨዋታ አለው፣ ኬፕ ኮድ ደግሞ 40 ገደማ። ግን ልጅሽ የሚሰለፈው ስንቱን ነው? አሰልጣኙን ይህንን ጠይቂው። በእሱ ቦታ ላይ ስንት ልጅ እንዳስፈረሙም ልጁ ራሱ ደውሎ ይጠይቅ። የሚያፍር ከሆነ አጠገቡ ቁሚ።

በሚቀጥለው ዓመት ልጄ የሰፈሩን አሰልጣኝ ራሱ ሄዶ ይቅርታ ጠየቀ። ሰውየው ቂም አልያዘም። 31 ጨዋታ ተጫወተ፣ በእንጨት ባት የመምታት አማካዩ .287 ሆነ፤ ከአሥር ሙከራ ወደ ሦስት የሚጠጋ መታ ማለት ነው። እኔም ቤቴ እያደርኩ ሁሉንም አየሁ። አንድ ነገር ልንገርሽ። ማሊያው ጀርባ ላይ ያለው ስም የአባቴ ነው። አባቴ ጎጃም ውስጥ ገበሬ ነበር፤ ቤዝቦል የሚባል ነገር ሳያይ ነው ያረፈው። በድምፅ ማጉያው የሚጠራው ልጅ በመጀመሪያው ጨዋታ ስሙን ሦስት ቦታ ሰባበረው። ከጨዋታው በኋላ ባለቤቴ ወጥታ አስተካክላ አስጠናችው። ከሁለተኛው ጨዋታ ጀምሮ የአባቴ ስም ሜሪላንድ ሜዳ ላይ በትክክል ተጠራ። መልማዮች መጥተው ሰዓት ይዘው ሩጫውን ለክተዋል። አንዱ ወደ ባለቤቴ መጥቶ ልጁ ስንት ዓመቱ እንደሆነ ጠየቃት።

ሐምሌ ላይ ድራፍቱ ሲደረግ ቤተሰቡ ሁሉ ሳሎን ተቀመጠ። እስከ መጨረሻው ዙር ስሙን ጠበቅን። አልተጠራም። ልጁ ተነስቶ ሳህኑን አጠበና «ነገ ጨዋታ አለኝ» ብሎ ተኛ። በማግስቱ ሁለት መታ። አራተኛ ዓመቱን ተጫውቶ በሲቪል ምህንድስና ተመረቀ። ዛሬ መንገድ ይሠራል፤ ያውም ያቺኑ ያመለጠችውን ካውንቲ ውስጥ ገብቶ። ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈር ሕፃናትን ቤዝቦል ያሰለጥናል፤ ከነሱ ውስጥ አራቱ የኛው ልጆች ናቸው። ሰመሩ ባይባክን ይመረጥ ነበር አልልሽም። ያ ጥያቄ ግን እኔ ጋ ቀርቷል፣ እሱ ጋ አይደለም።

ውሉ ሲደርስሽ ልጁ ከመፈረሙ በፊት ከላይ ያለውን መስመር እዪው። የሙሉ ሰመር ካልሆነ፣ የቅርቡን ቡድን እምቢ ብለሽ አትመልሺው። ካልገባሽ ፎቶ አንስተሽ በውስጥ መስመር ላኪልኝ፤ አብረን እናነበዋለን። ከሄደ ደግሞ የሽሮ ዱቄት ያዢለት። የሚያስተናግዱት ሰዎች መጾሙን ከመድረሱ በፊት ይወቁ።