ከሞተርሆም ኋላ የሚጎተት መኪና ባትሪ ለምን ይሞታል? ለወጣት የሙያ ልጆቼ

እንዴት ናችሁ ልጆች። በመኪና ኤሌክትሪክ ስራ ከ30 ዓመት በላይ ቆይቻለሁ፣ አሁን እጄም አይኔም እንደድሮው አይደለም፣ ግን ገና ጀማሪ የሆናችሁ ልጆች እየደወላችሁ ትጠይቁኛላችሁ፣ ደስም ይለኛል። ተደጋግሞ ከሚመጣው ጥያቄ አንዱ ይሄ ነው፦ ሰውየው ሞተርሆም (ውስጡ እንደ ቤት የሚኖርበት ትልቅ መኪና) አለው፣ ከኋላው ትንሽ መኪና አስሮ ይጎትታል፣ ቀኑን ሙሉ ነድቶ ማታ ሲደርስ ትንሿን መኪና ፈቶ ሊያስነሳ ቁልፉን ሲያዞር ጠቅ ጠቅ ብቻ፣ አትነሳም። ባትሪ ቀየርንለት፣ በሚቀጥለው ጉዞ እንደገና ሞተበት፣ ምን እናድርግ? ለእያንዳንዳችሁ በስልክ ከማስረዳ አንዴ በደንብ ልጻፈው ብዬ ነው።

መጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደሚሆን እንየው። መኪናዋ አራቱም ጎማ መሬት ላይ ሆኖ ስትጎተት ጎማው ይዞራል እንጂ ሞተሩ አይሰራም፣ ሞተሩ ካልሰራ ዲናሞው አይዞርም፣ ዲናሞው ካልዞረ ደግሞ ወደ ባትሪው የሚገባ ነገር የለም። ብዙ ባለመኪና "እየሄደች አይደል እንዴ፣ ቻርጅ ታደርጋለች" ብሎ ነው የሚያስበው፣ እሱ እንዲህ ቢያስብ አይፈረድበትም። ይሄ ብቻ ቢሆን ግን ባልከፋ ነበር፣ ምክንያቱም ጤነኛ መኪና ተቆልፋ ስትቆም የምትወስደው ከ50 ሚሊ አምፔር በታች ስለሆነ ባትሪዋ ለሳምንታት ይቆያል። የምትጎተት መኪና ግን ተኝታ አይደለም የምትሄደው። ቁልፍ የሚዞርባቸው ብዙዎቹ መኪኖች መሪያቸው እንዳይቆለፍ፣ ጎማው ከሞተርሆሙ ጋር አብሮ እንዲታጠፍ ቁልፉ አክሰሰሪ ላይ (ሞተሩ ሳይነሳ ሬዲዮ የሚሰራበት ቦታ) መሆን አለበት። ቁልፉ እዛ ከሆነ ሬዲዮው፣ ስክሪኑ፣ ውስጥ ያሉት ኮምፒውተሮች ሁሉ ነቅተው ነው የሚሄዱት። ላዩ ላይ ደግሞ ሞተርሆሙ ፍሬን ሲይዝ የትንሿን መኪና ፍሬን የሚረግጥ ተጨማሪ መሳሪያ አለ፣ እሱም ከዛችው ባትሪ ነው የሚበላው።

እኔ ስለካ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 4 አምፔር ነው የማገኘው። ትንሽ ትመስላለች አይደል? እስኪ አስሏት። 3 አምፔር በ8 ሰዓት 24 አምፔር ሰዓት ነው። ባትሪው ላይ 60 አምፔር ሰዓት ተብሎ ተጽፏል፣ ግን ሦስት አራት ዓመት የሰራ ባትሪ 60 የለውም፣ 40 ቢኖረው ጥሩ ነው፣ ጉዞው ሲጀመርም ሙሉ ነበር ወይ የሚለውን ማን አየው። ማታ ላይ የቀረው ሬዲዮ ያጫውታል፣ መብራት ያበራል፣ ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ 100 እና 200 አምፔር በአንዴ ስጠኝ ሲለው ግን ቮልቱ ቁልቁል ይወርዳል።

አሁን እኔ ያጠፋሁትን ልንገራችሁ። ገና ወጣት ሳለሁ አንድ አዛውንትና ባለቤታቸው እንዲህ አይነት መኪና ይዘው መጡ፣ ባትሪው ወርዷል፣ ባትሪ ሸጥኩላቸው። በሚቀጥለው ጉዞ ሞተባቸው፣ ተመልሰው መጡ፣ ባትሪው ችግር ቢኖረው ነው ብዬ ሌላ ሰጠኋቸው። ሦስተኛ ጊዜ ሲመጡ ሰውየው አልተቆጡኝም፣ "ልጄ፣ ማታ በጨለማ መንገድ ዳር ቀረን፣ እሷ ደግሞ መድኃኒት የምትወስድበት ሰዓት አልፎባት ነበር" ብቻ አሉኝ። ያን ቀን ነው ለመጀመሪያ ጊዜ መኪናዋን ልክ እንደምትጎተት አድርጌ አዘጋጅቼ የለካሁት። ፍሬን የሚረግጠው መሳሪያ ጠጋ ተደርጎ ነው የታሰረው፣ ሲለቅም ፔዳሉን ሙሉ በሙሉ አይለቀውም፣ ፔዳሉ በጣት ውፍረት ወርዶ ስለሚቀር ስቶፕ መብራቱ ቀኑን ሙሉ ይበራል። ሁለት ባለ 21 ዋት አምፖል ብቻውን 3.5 አምፔር ነው። መሳሪያውን ትንሽ ወደኋላ መለስኩት፣ አለቀ። ባትሪዎቹ ምንም አልነበራቸውም፣ ሁለቱንም ያበላሸኋቸው እኔ ነኝ ሳልለካ። የሁለቱንም ዋጋ መለስኩላቸው፣ ያ መንገድ ዳር የቀሩበት ማታ ግን የሚመለስ አይደለም።

ባትሪው ለምን ይበላሻል ካላችሁ፣ ሊድ አሲድ ባትሪ ባዶ ሆኖ ሲቆይ ፕሌቱ ላይ የሚሰራው ሰልፌት እየደረቀ ይሄዳል፣ ከደረቀ በኋላ ቻርጅ ብታደርጉትም ሙሉ በሙሉ አይመለስም። ስለዚ አንዴ ታች የወረደ ባትሪ ተነሳ ማለት ዳነ ማለት አይደለም፣ በየጉዞው ከወረደ አዲሱም በአንድ የጉዞ ወቅት ያረጃል።

እና ይሄን ነገር አክብዳችሁ እንድትይዙት የምፈልግበት ሌላ ምክንያት አለኝ፣ አለመነሳቱ ብቻ አይደለም። ተጎታቿ ድንገት ከመጎተቻው ብትላቀቅ ራሷ ፍሬን እንድትይዝ የሚያደርግ ስዊች ይገጠምላታል፣ በብዙዎቹ ሲስተሞች ያ ፍሬን የሚይዘው በተጎታቿ በራሷ ባትሪ ነው። ባትሪው ከሞተ ያ መከላከያ የለም ማለት ነው፣ ሾፌሩ ደግሞ ፊት ለፊት ሆኖ ይሄን አያውቅም። ከአንድ ቶን በላይ የሆነ መኪና ያለ ፍሬን መንገድ ላይ ተለቀቀ ማለት ምን እንደሆነ ለናንተ አልነግራችሁም። ባትሪ ስትነኩ ፍሬን እየነካችሁ እንደሆነ አስቡት።

ስለዚ ስትለኩ እንዲህ አድርጉ። መጀመሪያ ባትሪው ሙሉ ቻርጅ ተደርጎ ጥቂት ሰዓት ይረፍ፣ ከዛ ቮልቱን እዩ፣ 12.6 ና ከዛ በላይ ከሆነ ሙሉ ነው፣ 12.4 ሩብ ያህል ጎድሏል፣ 12.2 ግማሽ ነው፣ 12.0 ከደረሰ ሩብ ብቻ ነው የቀረው። ከዛ መኪናዋን ልክ እንደምትጎተት አድርጓት፣ ቁልፉ፣ ማርሹ፣ የፍሬኑ መሳሪያ፣ ሁሉም በቦታው፣ በሮቹ ተዘግተው። ኔጌቲቩ ገመድ ላይ ዲሲ የሚለካ ክላምፕ ሜትር አድርጉ፣ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ ምክንያቱም አንዳንዱ ኮምፒውተር ቶሎ አይተኛም፣ ከዛ የምታዩት ቁጥር እውነተኛው ነው። ክላምፕ ከሌላችሁ መልቲሜትሩን በመሃል አስገብታችሁ መለካት ትችላላችሁ፣ ግን ብዙዎቹ እስከ 10 አምፔር ብቻ ነው የሚችሉት፣ እሱ በመሃል ገብቶ እያለ ሞተር ለማስነሳት እንዳትሞክሩ። ቁጥሩ ከፍ ካለ ፊውዝ በፊውዝ እየነቀላችሁ የትኛው ላይ እንደሚወርድ እዩ። ጊዜ ይወስዳል፣ ይውሰድ።

የሚበላውን ካወቃችሁ በኋላ ሁለት መንገድ ነው ያለው፣ ወይ የሚወጣውን መቀነስ ወይ የሚወጣውን ያህል ማስገባት። ለመቀነስ አንዳንዱ ሰው የሬዲዮውንና የአክሰሰሪውን ፊውዝ ነቅሎ ይሄዳል፣ በየጊዜው ከመንቀል በስዊች ማድረግ ይሻላል። አንዳንዱ ደግሞ የባትሪውን ኔጌቲቭ ጭራሽ ይቆርጠዋል፣ እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። መብራት ሲያጣ መሪው የሚቆለፍ፣ ማርሹ ከኒውትራል የሚወጣ ወይ እጅ ፍሬኑ ኤሌክትሪክ የሆነ መኪና አለ፣ የፍሬን መሳሪያውም ያለ ባትሪ አይሰራም። ከመኪናዋ ጋር የመጣው መጽሐፍ ውስጥ ስለመጎተት የሚናገር ክፍል አለ፣ እሱን ሳታነቡ እጃችሁን እንዳታስገቡ፣ ጭራሽ አራት ጎማዋ መሬት ላይ ሆኖ መጎተት የሌለባት መኪናም አለች።

እኔ የምወደው ማስገባቱን ነው፣ ከሞተርሆሙ አንድ የቻርጅ መስመር ወደ ተጎታቿ ባትሪ መሳብ። በአሜሪካና በካናዳ በተለመደው ባለ 7 ፒን ሶኬት አንደኛው ፒን 12 ቮልት እንዲሆን የተመደበ ነው፣ ግን ተመድቧል ማለት ሽቦ ገብቶለታል ማለት አይደለም፣ በቴስተር አረጋግጡ። አሁን ወጣቶች የምትሳሳቱበት ቦታ ሽቦው ነው። ከሞተርሆሙ ባትሪ እስከ ተጎታቿ ባትሪ 15 ሜትር ቢሆን፣ ሄዶ መመለሻው 30 ሜትር ነው። 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር መዳብ ብትጠቀሙ መስመሩ 0.21 ኦም ይሆናል፣ 10 አምፔር ሲያልፍበት 2.1 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል፣ ከዲናሞው 14.2 የወጣው 12.1 ሆኖ ይደርሳል፣ ይሄ ባትሪ አይሞላም። 3 አምፔር ብቻ ሲያልፍ ግን የሚጠፋው 0.6 ያህል ነው፣ 13.6 ይደርሳል፣ ይሄ በቂ ነው። ስለዚ መስመሩ ሙሉውን ባትሪ ይዞ ለመቆየት እንጂ የሞተ ባትሪ ለማንሳት አይደለም፣ ባለቤቱ ሲነሳ ባትሪው ሙሉ መሆን አለበት። ወደ ኋላ እንዳይመለስ ዳዮድ ካስገባችሁ እሱም ሌላ 0.7 ቮልት ይወስዳል፣ ያኔ 6 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ አድርጉ፣ ወይም ተጎታቿ ውስጥ ከዲሲ ወደ ዲሲ የሚቀይር ቻርጀር ግጠሙ፣ እሱ የወረደውን ቮልት መልሶ ያነሳዋል። መመለሻውን ደግሞ በመጎተቻው ብረት ላይ አትተማመኑ፣ ዝገትና ቅባት ያለበት ነገር ነው፣ የራሱ ሽቦ ይኑረው።

ፊውዝ ሁለት ነው፣ ደግሜ ልበል፣ ሁለት። ይሄ ሽቦ በሁለቱም ጫፍ ባትሪ አለው። ገመዱ አስፋልት ላይ ተጎትቶ ቢላጥ በአንዱ በኩል ያለው ፊውዝ ተቃጥሎ በሌላው በኩል ያለው ባትሪ እሳት ያስነሳል። በሁለቱም ባትሪ አጠገብ ይሁን።

"በየነዳጅ ማደያው ሞተሩን አስነስቼ ልሂድ" የሚል ሰው አለ፣ ለአንዳንድ ካምቢዮ ቅባቱ እንዲዞር መጽሐፉ ራሱ ያዛል፣ ጥሩ ነው። ለባትሪው ግን 10 ደቂቃ በ30 አምፔር ቢሞላ እንኳ 5 አምፔር ሰዓት ነው፣ ከ24ቱ ውስጥ። ጣሪያ ላይ የሚቀመጥ 10 ዋት ሶላርም በጠራ ፀሐይ ከግማሽ አምፔር ትንሽ ቢበልጥ ነው፣ የቆመ መኪና ይጠብቃል፣ ቁልፉ አክሰሰሪ ላይ ያለ መኪና ግን አይችልም።

አንድ የቀረኝ ማታው ነው። የቻርጁ መስመር ከሞተርሆሙ ባትሪ በቀጥታ ከተወሰደ ሞተሩ ከጠፋም በኋላ ሁለቱ ባትሪዎች እንደተያያዙ ናቸው፣ ተጎታቿ ቁልፏ በርቶ ካደረ ጠዋት ሁለቱም ወርደው ሊገኙ ይችላሉ፣ ያኔ የሚያስነሳ ባትሪ የለም። ሞተሩ ሲሰራ ብቻ የሚያገናኝ ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚሰራ ስዊች) አስገቡ፣ ባለቤቱ ደግሞ ሲያቆም ሶኬቱን እንዲነቅልና ቁልፉን እንዲያጠፋ ንገሩት፣ መኪናውን ስታስረክቡ አብራችሁት ሂዳችሁ አንዴ በእጁ ያድርገው።